የዶርዜን ኅብረ ዜማ በየድምፁ ለይቶ በቤት ውስጥ ለመቅዳት፤ ስለ ኮምፒዩተር ድምፅ ካርድ አመራረጥ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በጨንቻ መንገድ ወደ ጉጌ ተራሮች የሚወጣ ሰው፣ የዓባያ ሐይቅ ከበታቹ እየራቀ፣ የቆላው ሙቀት እየቀረ ሄዶ ብርዱ ሲሰማው ዶርዜ ደረሰ ማለት ነው። የዶርዜ ሕዝብ በሽመናው በመላ ኢትዮጵያ የታወቀ ነው፤ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን ጥበብና ጋቢ የሚሸምኑት እነማን እንደ ሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ዘፈኑ ግን የሽመናውን ያኽል አልታወቀም። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለዚሁ ዘፈን ነው፤ ይሁን እንጂ ታሪኩንና ትርጉሙን ለባለቤቶቹና ለባለሙያዎቹ ትተን፣ እያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ በኮምፒዩተር ለመቅዳት ምን ዓይነት የድምፅ ካርድ መግዛት እንደሚገባ፣ ከስሕተታችን የተማርነውን ብቻ እናስረዳለን።

ጉዳዩ የሱቅ ዕቃ አመራረጥ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ሊኖር ይችላል፤ እኛም መጀመሪያ እንዲሁ መስሎን ነበር። ነገር ግን የማይሆን ካርድ የገዛ ተማሪ የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሊቀዳው የሄደውን ዘፈን ጭምር መሆኑን ስላየን፣ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባናል ብለን አሰብን።

በሰሜኑ ደጋ የምንሰማው ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ ዜማው አንድ ነው፤ አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ያንኑ ይቀበላል። የዶርዜ ዘፈን እንዲህ አይደለም። ወንዶቹ ተሰብስበው ሲዘፍኑ አንዱ የራሱን ዜማ ይዞ ይመራል፤ ሁለተኛው ሌላ ዜማ ይዞ ይገባል፤ ሌላው ደግሞ የነዚህ ትንፋሽ በሚያርፍበት ክፍተት አጭር ድምፅ ይጥላል፤ የቀረው ሰው ከሥር ተቀብሎ ይይዛል። የሚሰማው ዘፈን የአንዳቸውም አይደለም፤ ከሁሉም ተሸምኖ የሚወጣ ነው። የሙዚቃ ሊቃውንት ይህን ፖሊፎኒ ይሉታል፤ እኛ ኅብረ ዜማ እንለዋለን።

ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ቤርናር ሎርታ ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶርዜ መጥተው የቀዱት ኅብረ ዜማ በሸክላ ታትሞ በውጭ አገር ወጥቷል። ኅብረ ዜማን በአንድ ወይም በሁለት ማይክሮፎን የቀዳ ሰው ሁሉ የዘፈኑን ውበት በሚገባ ሊያሰማ ይችላል፤ ነገር ግን ከመካከል አንዱን ድምፅ አውጥቶ ‹ይህ የእርሱ ነው› ለማለት አይቻለውም። ድምፆቹ ከተቀላቀሉ በኋላ መለየት፣ ወተት የገባበትን ቡና መልሶ ጥቁር እንደ ማድረግ ነው። ዛሬ ይህን እናደርጋለን የሚሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች መጥተዋል፤ ዘፋኝን ከጊታርና ከከበሮ በመለየትም ይሠራሉ። በአንድ ቦታ የቆሙ፣ ድምፃቸው የተቀራረበ ስድስት ወንዶችን ለመለየት ግን ስንሞክራቸው አላረኩንም።

ይህ ለምን ያስጨንቃል ቢሉ ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፆቹን በየድርሻቸው አጥርተው የሚይዙት በዕድሜ የገፉት አባቶች ናቸው። ወጣቶቹ ለሽመና አዲስ አበባ ይወርዳሉ፤ ለመስቀል ይመለሳሉ፤ በበዓሉ ከአባቶቻቸው ጋር ዘፍነው መልሰው ይሄዳሉ። መሪውን ድምፅ በዚህ ጊዜ ውስጥ መያዝ ይቻላል፤ በመካከል እየተቆራረጠ የሚገባውን ድምፅ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ሰምቶ መማር ከባድ ነው። በስልካቸው ቀድተው የሚወስዱት የሁሉንም ድምር ስለ ሆነ ለትዝታ እንጂ ለትምህርት አይበቃም። አንድ ድምፅ የሚያውቁት ሰው ሲሞቱ ዘፈኑ ወዲያው አይቆምም፤ አንዱ ክር እንደ ጎደለ ይቀጥላል፤ የጎደለውንም ለይቶ የሚያውቅ እየጠፋ ይሄዳል።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆነን ገንዘብ አዋጥተን ድምፅ ካርድ ገዛን። የገዛነው ሁለት የማይክሮፎን መግቢያ ያለው፣ በሣጥኑ ላይ ‹192 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት› ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ነበር። ባለሱቁ ከዚህ የሚበልጥ ጥራት የለም አለን፤ እኛም አመንን። በጥራቱ ረገድ አልዋሸንም፤ ስሕተቱ የኛ ነው፤ ምን ልንቀዳበት እንደ ሆነ አልነገርነውም።

ዶርዜ ወጥተን በሁለት ማይክሮፎን ስንቀዳ ያገኘነው ከላይ የተባለውን ድብልቅ ነው፤ ከስልኩ የሚሻለው ጥርት ብሎ መደባለቁ ብቻ ነበር። ቀጥሎ አንድ በአንድ እንቅዳ አልን። ይህ በከተማ ስቱዲዮዎች የተለመደ ነው፤ ከበሮው ይቀዳል፣ ከዚያ ባስ ጊታሩ፣ በመጨረሻ ዘፋኙ። የመጀመሪያው አባት ብቻቸውን ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጠው ጀመሩና ጥቂት ሄደው አቆሙ። ድምፃቸው የሚገባው ሌላው ሲያርፍ ነው፤ የሚያርፍላቸው ሰው ከሌለ የሚገቡበት ቦታ የለም። በመጨረሻም አንድ ሌላ ካርድና ሁለተኛ ኮምፒዩተር ተውሰን፣ በሁለቱ ላይ በአንድ ጊዜ አራት ማይክሮፎን ቀዳን። ይህ የሠራ መሰለን፤ ሆኖም ማታ ሁለቱን ፋይሎች አሰልፈን ስናደምጥ፣ መጀመሪያ ላይ የተስማማው ዘፈን ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላው የተንገዳገደ መሰለ። ምክንያቱን ዝቅ ብለን እንገልጻለን። ይህን ሁሉ የምንተርከው ለማስሳቅ አይደለም፤ እያንዳንዱ ውድቀት ካርድ ሲመረጥ ምን መጠየቅ እንደሚገባ ስለሚያስተምር ነው።

ድምፅ ካርድ ሥራው ትርጉም ነው ለማለት ይቻላል። ማይክሮፎኑ የአየሩን መንቀጥቀጥ ወደ ደካማ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ የካርዱ ማጉያ ያንን ያጎላዋል፤ ከዚያ መለወጫው በየቅጽበቱ እየለካ ቁጥር ያደርገዋል፤ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው። በሰከንድ ስንት ጊዜ ይለካል የሚለው የናሙና ፍጥነት ሲባል በኪሎኸርዝ ይነገራል፤ እያንዳንዱ ልኬት ምን ያኽል የረቀቀ ነው የሚለው ደግሞ በቢት ይነገራል።

ስለ ቢቱ አጠር አድርገን እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የሙዚቃ ሲዲ 16 ቢት ነው፤ ይህም 65,536 ደረጃ አለው ማለት ሲሆን፣ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ 96 ዴሲቤል ያኽል ስፋት ይሰጣል። 24 ቢት ከ16 ሚሊዮን በላይ ደረጃ አለው፤ በሒሳብ 144 ዴሲቤል ይደርሳል። በተግባር ግን የራሱ የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ ስለሚከለክለው ጥሩ የሚባል ካርድ የሚያደርሰው 110 ወይም 120 ዴሲቤል ገደማ ነው። ሌሊት በዶርዜ ቤት ያለው ጸጥታ 30 ዴሲቤል ነው ብንል፣ ከአፍ ግማሽ ሜትር ርቆ የሚደርሰው ኃይለኛ ድምፅ ደግሞ 100 ነው ብንል፣ ዘፈኑ የሚጠይቀው 70 ነው። ታዲያ 16 ቢት አይበቃም ወይ? በጠባቡ ይበቃል። ነገር ግን ዘፋኙ ደስ ብሎት በድንገት ድምፁን ከፍ ቢያደርግ እንዳይቆረጥብን ከላይ 20 ዴሲቤል ባዶ መተው አለብን። 24 ቢት ሲኖረን ይህን ያለ ሥጋት እንተዋለን። የተቆረጠ ድምፅ በምንም አይጠገንም። ስለዚህ 24 ቢት ይሁን፤ ደግነቱ ዛሬ ከሞላ ጎደል የሚሸጠው ሁሉ 24 ቢት ስለ ሆነ በዚህ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም።

የናሙናው ፍጥነት ግን ሰውን የሚያታልል ነገር ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው፤ ዕድሜው ሲገፋም የላይኛው ይቀንሳል። አንድን ድምፅ በትክክል ለመያዝ ከእጥፉ በላይ በሆነ ፍጥነት መለካት ይበቃል፤ ስለዚህ 44.1 ወይም 48 ኪሎኸርዝ የሚሰማውን ሁሉ ይይዛል። አብዛኞቹ ማይክሮፎኖችም ራሳቸው ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ እንዲሠሩ የተሰናዱ አይደሉም። ለማኅደር የሚቀዱ ሰዎች ማኅበር የሆነው ኢያሳ የድሮ ቴፕን ወደ ቁጥር ለሚለውጡ ሰዎች ቢያንስ 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት እንዲሆን ይመክራል፤ 96 ቢሆን ደግሞ ይመርጣል። ይህን ምክር እናከብራለን፤ 96 የሚገኝ ከሆነ መጠቀም መልካም ነው። 192 ግን ለዚህ ሥራ ጌጥ ነው።

ጌጥ ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ፤ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። አንድ መሥመር በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ሲቀዳ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይፈጃል። ስምንት መሥመር ለአንድ ሰዓት ሲቀዳ 4.15 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። በ192 ሲሆን ይህ አራት እጥፍ ሆኖ ከ16 ጊጋባይት ይበልጣል። ከዚህ ይልቅ የሚከፋው መሥመሮቹን መብላቱ ነው። ብዙ ካርዶች ተጨማሪ መግቢያ የሚያገኙበት አዳት የተባለ የብርሃን ገመድ አለ፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1991 አሌሲስ የተባለው ኩባንያ ካሳየው ባለ ስምንት መሥመር ቴፕ መቅጃ ነው። ይህ ገመድ በ48 ኪሎኸርዝ ስምንት ድምፅ ይሸከማል፤ በ96 ግን አራት ብቻ፤ በ192 ሁለት ብቻ። በፍጥነቱ ቁጥር የተደሰተ ሰው በዚያው ልክ አፎች እየተዘጉበት ነው።

እዚህ ላይ ከዶርዜ ሸማኔ የተማርነውን ብንናገር ያለ ቦታው አይሆንም። ሸማኔው ድሩን ከዘረጋ በኋላ ማጉን እንደ ፈለገ ሊያጠብቀው ወይም ሊያሳሳው ይችላል፤ የጨርቁን ወርድ ግን ሊያሰፋው አይችልም፤ እርሱ ድሩ ሲዘረጋ ተወስኗል። የካርድም የመግቢያ ብዛት እንዲሁ ነው። ፍጥነቱን በአንድ ቁልፍ ዝቅና ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለት መግቢያ ያለውን ካርድ ግን ስምንት አያደርጉትም። ካርድ ሊገዛ የሄደ ሰው እንግዲህ አስቀድሞ የሚጠይቀው በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይቀዳል የሚለውን ነው።

ለዶርዜ ዘፈን የኛ መልስ ስምንት ነው። ስድስቱ ዋና ዋና ድርሻ ለያዙት ሰዎች፣ ሁለቱ ደግሞ ጠቅላላውንና ከሥር የሚቀበለውን ሕዝብ ለመያዝ። አራት ቢሆን ይጠባል፤ ዐሥራ ስድስት ቢሆን ማይክሮፎኑንና ገመዱን የሚሸከም በቅሎ ያስፈልጋል።

በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን አያታልላችሁ። ለምሳሌ የቤሪንገር ዩኤምሲ 1820 በስሙ ውስጥ 18 የሚል አለው። ፎከስራይት ስካርሌት 18አይ20 የተባለውም እንዲሁ ነው። ማይክሮፎን የሚሰካባቸው ባለ ማጉያ መግቢያዎች ግን በሁለቱም ስምንት ናቸው። የቀሩት ዐሥሩ ከሌላ መሣሪያ ቁጥር ሆኖ ለሚመጣ ድምፅ የተዘጋጁ ናቸው፤ ያ ሌላ መሣሪያ ከሌለ ባዶ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ‹ስንት ማይክሮፎን ይሰካል? ለስንቱስ 48 ቮልት ይሰጣል?› ብሎ መጠየቅ ነው። 48 ቮልቱ ኮንዴንሰር ለሚባሉት ማይክሮፎኖች በዚያው ገመድ የሚላክ ኃይል ነው።

አሁን ሁለቱ ካርዶቻችን ለምን እንደ ተጣሉ እንናገር። እያንዳንዱ ካርድ የሚለካበትን ቅጽበት የሚቆጥርለት ትንሽ ክሪስታል በውስጡ አለ፤ የካርዱ ሰዓት ማለት ነው። ሁለት ሰዓቶች ፍጹም አይስማሙም። ልዩነታቸው በሚሊዮን ውስጥ 50 ብቻ ነው ብንል፣ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ በ30 ሺኛ ሰከንድ ይራራቃሉ፤ ማለትም 0.03 ሰከንድ። ጥቂት ይመስላል። ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያኽል ስለሚሄድ፣ ይህ ጊዜ አንዱ ዘፋኝ ከክቡ ወጥቶ ዐሥር ሜትር ርቆ የቆመ ያኽል ነው። በሌላ ዘፈን ላይ ይህ ላይታወቅ ይችል ይሆናል፤ አንዱ በሌላው ክፍተት በሚገባበት ዘፈን ላይ ግን ክፍተቱን ይዘጋዋል። ሁለት ርካሽ ካርድ ገዝቶ አንድ ትልቅ ለማድረግ የሚያስብ ሰው፣ ካርዶቹ በአንድ ሰዓት እንዲሄዱ የሚያያይዛቸው የሰዓት መግቢያና መውጫ እንዳላቸው አስቀድሞ ይመልከት፤ ከሌላቸው ያን ሐሳብ ይተው።

ኮምፒዩተሩ ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣው ካርድስ? እርሱ ለንግግርና ለሙዚቃ ማዳመጫ የታሰበ ነው፤ የማይክሮፎን ቀዳዳው አንድ ብቻ ሲሆን 48 ቮልት የለውም፤ ከጎኑም ማራገቢያውና ኃይል ሰጪው እየጮኹ ነው። ‹ካርድ› የሚለው ስም ራሱ የመጣው በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ከሚሰካው ሰሌዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ሳውንድ ብላስተር እንዲህ ያለ ነበር፤ ቢቱም 8 ብቻ ነበር። ዛሬ በላፕቶፕ ለሚሠራ ተማሪ የሚሆነው ከውጭ በዩኤስቢ የሚያያዝ ሣጥን ነው፤ ስሙ ግን እንደ ቀድሞው ‹ካርድ› ተብሎ በሰው አፍ ቀርቷል። ሁለተኛው ዩኤስቢ በሰከንድ 480 ሜጋቢት የሚያስኬድ ሲሆን፣ ስምንት መሥመር በ48 ኪሎኸርዝ የሚፈልገው ከ10 ሜጋቢት ያነሰ ስለ ሆነ፣ በዩኤስቢው አዲስነት ምክንያት ተጨማሪ ዋጋ የሚጠይቅ ሻጭ ቢያጋጥም መክፈል አያስፈልግም።

ስለ ኤሌክትሪክ ግን ሰፋ አድርገን መናገር አለብን፤ የአውሮፓና የአሜሪካ መጽሔቶች ስለዚህ ብዙም አይጽፉምና። የሁለተኛው ዩኤስቢ ቀዳዳ ለመሣሪያ የሚሰጠው 5 ቮልት በግማሽ አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው። አንድ ኮንዴንሰር ማይክሮፎን በደንቡ መሠረት እስከ 10 ሚሊአምፔር ሊስብ ስለሚችል፣ ስምንቱ በ48 ቮልት 3.84 ዋት ሊፈልጉ ይችላሉ። ይህ ካርዱ ራሱ የሚፈልገውን ሳይጨምር ነው። ስለዚህ ባለ ስምንት ማይክሮፎን ካርድ ከግድግዳ ኃይል ይፈልጋል፤ ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱም እንዲሁ ናቸው። ግድግዳው ላይ መብራት የሌለበት ቤት ወይም መብራቱ እንደ ፈቀደ የሚሄድበት ቀን ሲያጋጥም፣ ስምንቱም መግቢያ ዝም ይላሉ።

እኛ ያደረግነው ይህ ነው። 12 ቮልትና 50 አምፔር ሰዓት የሆነ የመኪና ባትሪ ወሰድን። ባትሪው በጠቅላላው 600 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይበላሽ ግማሹን ብቻ መጠቀም ስለሚገባ 300 ይቀራል፤ ወደ 220 ቮልት የሚለውጠው ኢንቨርተር የሚያባክነው ሲቀነስ ደግሞ 255 ገደማ። ካርዱ 15 ዋት፣ ላፕቶፑ 30 ዋት ቢፈጁ አምስት ሰዓት ተኩል ያሠራል። አንድ ምሽት ይበቃል። በዚያውም ያልጠበቅነውን ጥቅም አገኘን። ከግድግዳ ስንሠራ ይሰማ የነበረው የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ጠፋ፤ መሬት ለመሬት የሚዞር ኤሌክትሪክ ስለሌለ ነው። ኢንቨርተሩን ግን ከማይክሮፎን ገመዶች ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ርካሾቹ የራሳቸው ፉጨት አላቸው።

ባትሪ ተሸክሞ ዳገት መውጣት የማይፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለው። ዙም ኤፍ8 የተባለውና የመሰሉት የሜዳ መቅጃዎች ስምንት የማይክሮፎን መግቢያ አላቸው፤ በትንንሽ ድንጋዮች ይሠራሉ፤ ያለ ኮምፒዩተር በራሳቸው ይቀዳሉ፤ ቤት ሲገቡ ደግሞ በዩኤስቢ ተያይዘው እንደ ድምፅ ካርድ ያገለግላሉ። ዋጋቸው ከሣጥኖቹ ይከብዳል። ኮሌጁ ለብዙ ተማሪዎች የሚያገለግል አንድ መሣሪያ ቢገዛ ይህን ዓይነቱን ቢመርጥ የተሻለ ነው የሚል አስተያየት አለን፤ ተማሪ በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ከሆነ ግን ሣጥኑና ባትሪው ይበቁታል።

በካርዱ ማብራሪያ ላይ ስለ ማጉያው ጉርምርምታ የሚናገር ቁጥር ይገኛል፤ ‹ሲቀነስ 128› ገደማ የሚል ከሆነ ጥሩ ነው፤ ተፈጥሮ የምትፈቅደው መጨረሻ ራሱ ከ131 ብዙ አያልፍም። የዶርዜ ዘፋኞች ድምፃቸው ብርቱ ስለ ሆነ ከመካከለኛ ካርድ በላይ አንፈልግም። ክራር በጣት እየነካካ የሚያንጎራጉር ሰው ለመቅዳት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ እንጠነቀቅ ነበር። ካርዱ ያለ ልዩ ድራይቨር የሚሠራ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ዶርዜ ከደረሱ በኋላ ኢንተርኔት ፈልጎ ድራይቨር ማውረድ የሚያሳፍር ሥራ ነው። እኛ አፍረንበታል።

የሚቀዳበት ቤት ከካርዱ የማያንስ ጉዳይ ነው። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሸርቦ የሚሠራ፣ ሲታነጽ እስከ 12 ሜትር የሚረዝም፣ መግቢያው እንደ ዝሆን ፊት ወደ ውጭ የወጣ ነው፤ ምስጥ ከሥሩ እየበላው ከዓመት ዓመት ያጥራል። ስቱዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ገንዘብ አውጥተው የሚፈልጉትን ይህ ቤት በተፈጥሮው አለው። ግድግዳው የተጣመመና ክፍት ክፍት ያለ ሽርብ ስለ ሆነ፣ ክዳኑም ለስላሳ ስለ ሆነ፣ ውስጡ ቆሞ ቢያጨበጭቡ ድምፁ ተመልሶ አይመጣም። በአጠገቡ ያለው ባለ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ያንኑ ዘፈን ቀድተን ስናወዳድር፣ የቆርቆሮው ቤት እያንዳንዱን ድምፅ በየማይክሮፎኑ ሁሉ በትኖት አገኘነው። ዝናብ ሲመጣማ ሥራው ያበቃል። ይሁን እንጂ የቀርከሃውም ቤት ዕዳ አለበት፤ መካከል ላይ የሚነደው እሳት ይንጣጣል፤ ከብቶቹም በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያድሩ ከቀዳናቸው መካከል በአራተኛው መሥመር ላይ አንዲት ላም በጣም ጎልታ ትሰማለች። አላጠፋናትም።

ማይክሮፎኖቹን ከየአፉ 40 ሳንቲሜትር እያራቅን፣ በአንዱና በሌላው መካከል ቢያንስ 120 ሳንቲሜትር እየተውን በክብ ተከልናቸው። ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን የጎረቤቱ ድምፅ ወደ 10 ዴሲቤል ያኽል ዝቅ ብሎ ይገባል። ይህ ፍጹም መለየት አይደለም፤ ነገር ግን ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው እየተያዩ እንዲዘፍኑ ያስችላል፤ አንዱንም ድምፅ ለብቻው ለማጥናት ይበቃል።

ፈጽሞ የጠራ ድምፅ ለሚፈልግ ሌላ ዘዴ አለ። በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ብዙ ዘመን የሠሩት ተመራማሪ ሲምሃ አሮም እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ መጀመሪያ ሁሉም አንድ ላይ ይቀዳሉ፤ ከዚያ ያው ቀረጻ በጆሮ ማዳመጫ ለአንዱ ባለሙያ ይሰማና እርሱ የራሱን ድርሻ ብቻ ሲጫወት ለብቻው ይቀዳል። እርሳቸው ይህን የሠሩት በቴፕ ነው። በኮምፒዩተር ሲሠራ አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ድምፁ በኮምፒዩተሩ ዞሮ ወደ ዘፋኙ ጆሮ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። ማቆያው 256 ናሙና ሲሆን በ48 ኪሎኸርዝ 5 ሺኛ ሰከንድ ያኽል ነው፤ ሁለት ሜትር እንኳ ርቆ ከቆመ ሰው የሚመጣ ድምፅ ማለት ስለ ሆነ አያውክም። 1024 ሲሆን ግን 21 ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ዘፋኙ ራሱን ዘግይቶ ይሰማል፤ ይደናገራልም። ድምፁን በኮምፒዩተር ሳያዞር ከመግቢያው በቀጥታ ወደ ማዳመጫው የሚመልስ ካርድ መምረጥ ችግሩን ያስወግደዋል፤ ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ ይህ አላቸው።

ከዶርዜ ሲወርዱ አንድ ምክር፦ ከብርዱ የመጣ ዕቃ በአርባ ምንጭ ሙቀት ውስጥ ወዲያው ቢከፈት ውኃ ያልበዋል። ሻንጣውን እንደ ተዘጋ አንድ ሁለት ሰዓት መተው ነው።

በመጨረሻ ባለ ስምንት መግቢያ ካርድ ከአንድ ወዳጃችን ተውሰን ወጣን፤ ከስድስት ወር በኋላም የመጀመሪያውን ሸጠን፣ ጨምረን የራሳችንን ገዛን። በተውሶው ካርድ በቀዳንበት ምሽት፣ የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ፣ ያን ጊዜ ብቻቸውን መዝፈን ያቃታቸው አባት የራሳቸውን ድምፅ ለብቻው እንድናሰማቸው ጠየቁን። የሌሎቹን አምስት መሥመሮች ዘግተን በማዳመጫ አሰማናቸው። ጸጥ ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ በሁለተኛው ዙር ላይ ጎረቤታቸው ቀድሟቸው በመግባቱ የእርሳቸው ድምፅ ከቦታው እንደ ተገፋ ነገሩን። እኛ አልሰማነውም ነበር፤ ድርሻውን የያዘውም ሰው እስኪያሰሙት ድረስ አላመነም። ዘፈኑን ከመጀመሪያው እንደገና እንድንቀዳ አዘዙን፤ ባትሪው ሁለት ሰዓት ያኽል ይቀረው ስለ ነበር ቀዳነው። ሁለቱንም ቀረጻ ጠብቀናል፤ አንድ ቅጂም እዚያው ዶርዜ ለልጃቸው ሰጥተናል።